«አለሁ፤ አልጠፋሁም»

የአጎቴን ሌላ ታሪክ ሌላ ሰው ይጻፈው፤ እኔ የማስታውሰው ቅዳሜያቸውን ነው።

ከአሶሳ ነጋዴዎች በዱቤ የወሰዱት ስኳር የሱዳን ድንበር ላይ ያለችው ኩርሙክ ሳይደርስ መኪናውን ጭቃ ያዘው፤ ስኳሩን ዝናብ አቀለጠው። ስማቸውም አብሮ ቀለጠ፤ ጨው እንኳ በዱቤ የሚሰጣቸው ጠፋ። ሌላ ሰው ቢሆን በጓሮ መንገድ መሄድ ይጀምር ነበር። እሳቸው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው አበዳሪዎቻቸውን በየሱቁ ይዞሩ ነበር። ብር ሲኖራቸው ይከፍላሉ፤ ሲያጡ «አለሁ፤ አልጠፋሁም» ይላሉ። ከዚያ በርጩማ ስበው ይቀመጡና ስለ ወጡበት ወሎ፣ ወደዚህ ስላመጣቸው ሰፈራ፣ ስለ ማሽላው ያወራሉ።

በኋላ መደበቅ የጀመሩት አበዳሪዎቹ ናቸው። አንድ የበርታ ሽማግሌ ከስኳር ጆንያ ጀርባ ሆነው «ወላሂ ምሬሃለሁ፣ ሂድ» ቢሏቸው፣ አጎቴ «ምሕረትህ ለአንተ ጽድቅ ነው፤ እኔ የምፈልገው ስሜን ነው» ብለው ጭራሽ ተደላደሉ።

ከሦስት ክረምት በኋላ እኚያው ሽማግሌ ራሳቸው አንድ ኩንታል ስኳር በዱቤ አሸከሟቸው። የድሮው ዕዳ ሁሉ ያለቀ መሰለን። አጎቴ ግን ቅዳሜን አልተዉም። ምክንያቱ የገባኝ በቀብራቸው ዕለት ነው።

ሶላቱ ከመሰገዱ በፊት፣ እንደ ወጉ፣ «ዕዳ አለባቸው የሚል ካለ ይንገረኝ» አልኩ። ሽማግሌው ብቻ እጃቸውን አወጡ።

«መቶ ብር አለበት። ሁልጊዜ ይሰጠኛል፣ እኔ እምቢ እላለሁ። ከጨረሰ አይመጣም።»

መቶ ብር ሳወጣ እጄን መለሱት።

«ዛሬ አይደለም፤ ቅዳሜ አምጣው። በርጩማው ባዶ ነው።»