ጀርባ የሌለው ካፖርት

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ወጣት መምህር ደብረ ማርቆስ ወደማዘወትራት ሻይ ቤት መጣና፣ «አባባ፣ ባለ ሁለት ገጽ የሚባለው ዕቃ ምን ዓይነት ነው? ተማሪዎቼ ቃሉን ለስድብ ብቻ ነው የሚያውቁት» አለኝ። እኔን መጠየቁ አልገረመኝም። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም፤ ፊደል ግን ለብቻዬ ለይቻለሁ፣ ከብዙ ተማሪ ይልቅ አንብቤያለሁ። ከዚህ እስከ ሉማሜ ቃል የቸገረው ሁሉ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው። መልስ ከመስጠቴ በፊት ግን አክስቴ ውድነሽ ትዝ አለችኝ።

በወጣትነቴ ካፖርት አሰፋሁ፤ በአንድ በኩል ግራጫ፣ በሌላው ጥቁር፣ በሁለቱም የሚለበስ። በአገሩ እንዲያ ያለ ልብስ የነበረኝ እኔ ብቻ ነበርሁ። አክስቴ በፋሲካ ስታየኝ ግራጫውን ነበር ያየችው። በሰኔ፣ ሮብ ገበያ አጠገብ ወዳለው ቤቷ ስወጣ፣ ከጮቄ በኩል ዝናብ መጣ። ግራጫው እንዳይበላሽብኝ ጥቁሩን ወደ ውጭ አዞርሁት። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ አዲስ የታረሰው መሬት ይሸታል።

አክስቴ ደጅ ላይ ድንች ስትልጥ አየችኝ። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ልብስ ተገልብጦ ይለበሳል። አንድያ ልጇ ሙሉቀን ደግሞ ወታደር ሆኖ ከሄደ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል።

«ሙሉቀን ነው?» አለችኝ። ቢላዋው ከእጇ ወደቀ።

«ኧረ አይደለም አክስቴ፣ ዝናቡን ፈርቼ ነው።»

«ታዲያ ምነው ገለበጥኸው?»

«አልገለበጥሁትም። ባለ ሁለት ገጽ ነው፤ ጀርባ የለውም። በየትም በኩል ብትለብሺው ገጹ ነው።»

«ጀርባ የሌለው ልብስ የት ታይቶ? አታባብለኝ፣ ልጄ።»

አውልቄ ሰጠኋት። ስፌቱን ከአንገቱ እስከ ጫፉ በጣቷ ዳሰሰች፤ አገላብጣም ዳሰሰች። አንድ የተንጠለጠለ ክር አላገኘችም። «እንግዲያው ልጄ አለ» አለችና ቢላዋዋን አነሳች። ራት ላይ ድንቹን በዳጣ እያጎረሰችኝ ስለ ሙሉቀን ሠርግ አወራች።

መስከረም ሲጠባ ሽማግሌዎች ካባቸውን ገልብጠው መጡ፤ እኔም ከኋላቸው ነበርሁ። አክስቴ ወዲያው አላለቀሰችም። የታላቁን ሽማግሌ ካባ ጫፍ ያዘችና ስፌቱን ዳሰሰች። «ይኼስ ጀርባ አለው» አለች። ከዚያ ወደቀች።

ሙሉቀን የሞተው በግንቦት ነበር። ከሰልስቱ በኋላ ጠራችኝ።

«ያን ዕለት ስትመጣ ሞቶ ነበር አሉ።»

«አላወቅሁም፣ አክስቴ።»

«አውቃለሁ። ክረምቱን ሙሉ ግን ልጅ ነበረኝ። ይመጣል ብዬ ይኸው ቤቱን መርጌለት ነበር።»

አመሰገነችኝ ወይስ ወቀሰችኝ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ቃሉን እንደሆነ አንዲት ሳላጎድል ነበር የፈታሁላት። ስለ ካፖርቱ የነገርኋት እውነት ነው፤ እሷ ግን የልጇን ሕይወት ከዚያ ላይ አነበበች። ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ያነበብሁት መጽሐፍ ሁሉ አልነገረኝም።

«በሁለቱም በኩል ገጽ ያለው፣ ጀርባ የሌለው ዕቃ ብለህ ጻፍ» አልሁት መምህሩን።

«ምሳሌ ይስጡኝ እንጂ፣ አባባ።»

ካፖርቱን አልነገርሁትም። «ከበሮ፤ በየትም በኩል ብትመታው ገጹ ነው» አልሁት።