የጥሩሐረግ ማሽንና የድንበሩ ማረሻ

ጋዝጊብላ ውስጥ፣ ከሰቆጣ ገበያ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ ቀበሌ፣ ጥሩሐረግ ሸጋው የምትባል ሴት አለች። ቂም በመያዝ የሚስተካከላት የለም። የሌላው ሰው ንዴት ሲያድር ይበርዳል፤ የእርሷ ግን እንደ እርሾ ባደረ ቁጥር ይኮመጥጣል።

ቂሟ ከጎረቤቷ ከሽማግሌው ከአያ ገብረ ጻድቅ ጋር ነው። ነገሩ የመሬት ነው። ስምንት ዓመት ጅዳ በሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ ብትመለስ አባቷ ሸጋው ሞቷል፤ በአባቷ ማሳና በሽማግሌው ማሳ መካከል የነበረው የድንበር ድንጋይ ደግሞ ስምንት እርምጃ ወደ ላይ፣ ወደ እርሷ ወገን ገብቷል። በልጅነቷ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ጦጣ ስትጠብቅ ያደገች ናትና፣ የት እንደነበር ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች።

ሽማግሌ አስቀመጠች። አያ ገብረ ጻድቅም «የሰው መሬት አልወሰድሁም» ብለው በጊዮርጊስ ማሉ። የመሬት ደብተሩ ስፋቱን በግምት እንጂ ድንጋዩ የት እንደቆመ አይናገርም። እናም ተረታች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታ የለም። ቅዳሴ ሲያልቅ ጮክ ብላ «ሌባ ያስቀደሰበት ቀን!» ትላለች። የሽማግሌው ባለቤት ሲሞቱ እንኳ ለቅሶ አልደረሰችም፤ በዚያ አገር ለቅሶ መቅረት ከስድብ ሁሉ የከፋ ስድብ ነው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እርሷ ግን እያሳለችም ትጸልይ ነበር።

አሁን ስለ ማሽኑ ልንገራችሁ። ከመሬት በታች ያለ ብረት የሚፈልግ ርካሽ ነገር ነው፤ እጀታ ያለው ረጅም ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ሳህን የሚያህል ክብ፣ አንዲት ቁልፍና ባትሪ። ለወርቁም ለቆርኪውም እኩል ይጮኻል። የአሠሪዋ ልጅ ጅዳ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ሳንቲም ሲፈልግበት ከርሞ ሰለቸውና ሊጥለው ሲል ለምና ወሰደችው። ሻንጣዋ ውስጥ ፈታትታ ይዛው መጣች።

በበጋ፣ ማሳው ባዶ ሲሆን፣ ሥራዋን ጨርሳ ዘንጓን ይዛ ትወጣለች። ክቡን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጋ እንደ ማጭድ ግራና ቀኝ እያወዛወዘች ቀስ ብላ ትሄዳለች። ሲጮኽላት ተንበርክካ ትቆፍራለች፤ ቆርኪ፣ የዣንጥላ ብረት፣ ከጦርነቱ የተረፈ ቀልሃ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የበቅሎ ቃጭል አግኝታለች። ሰዉ «ወርቁ አልደረሰም?» እያለ ይስቅባታል። እርሷ ግን ትወደው ነበር፤ ከቂሟ የምታርፈው ያን ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ማሽኑን አጥፍታ ታልፋለች፣ ከውሃ ጉድጓዷ ዘንድ። በጅዳ ላቧ ያስቆፈረችው ጉድጓድ ነው፤ አፉ በቆርቆሮ ስለተከደነ ማሽኑ እዚያ ሲደርስ ያብዳል።

አንድ ቀን ከአውድማው ጥግ የተሰበረ ማረሻ አወጣችና በእጇ እንደያዘችው ቆመች። አንድ ልማድ ትዝ አላት። የድሮ ሽማግሌዎች ድንበር ሲከፍሉ ከድንጋዩ ሥር የተሰበረ ማረሻና እፍኝ ከሰል ይቀብሩ ነበር። ድንጋይ በሰው እጅ ይሄዳል፤ ከሥር የተቀበረው ግን ባለበት ይቀራል። የእነርሱን ድንበር የተከሉት ሁሉ ሞተዋል፤ ማሳ ሙሉ ቆፍሮ የሚፈልግም የለም። ማሽን ያለው ግን መቆፈር አያስፈልገውም። አባቷ ስለ ሁሉ ነገር ሲያወራላት ስለዚህ ማረሻ አንድም ቀን አንሥቶላት አያውቅም፤ ያኔ ይህ አልገረማትም።

በማግሥቱ ቄስ ገብረ አምላክ ዘንድ ሄደች።

«አባ፣ ሽማግሌ ይጥሩልኝ። ማረሻው በተገኘበት ድንጋዩ ይተከል። ከዚያ ወዲያ ድንጋዩን የነካ የተገዘተ ይሁን።»

«ልጄ፣ ግዝት በንዴት አይጠራም። ማሽንሽ ቢሳሳትስ?»

«ቢሳሳት እኔ ልዋረድ። ካልተሳሳተ ግን እርሳቸው በሕዝብ ፊት ሌባ ይባሉልኝ። ሌላ ካሣ አልፈልግም።»

አያ ገብረ ጻድቅ ሲነገራቸው ቤቷ ድረስ መጡ። ከደጅ ሳያልፉ «ይቅርብሽ፣ ልጄ» አሏት። ፈሩ፣ አለች በልቧ፤ እንዲያ ደስ ብሏት አታውቅም። «አይቀርም» ብላ በሩን ዘጋችባቸው።

ቁፋሮ ስላለበት በዓል ያልሆነ ቀን ተመረጠ። የሁለት ደብር ሰው ተሰበሰበ። ቄስ ገብረ አምላክ መስቀላቸውን አንሥተው ግዝቱን ተናገሩ፤ ሁለቱም ባለጉዳዮች «ይሁን» አሉ። ጥሩሐረግ ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ሽማግሌው ማሳ ወረደችና ድሮ ጦጣ ከምትጠብቅበት ቦታ ጀመረች። ማሽኑ ዝም አለ። ዞራ መጣች፤ ዝም። ትንሽ ወረድ ብላ ሲጮኽላት ሰው ሁሉ ተጠጋ፤ ቆርኪ ወጣ። ተሳቀ። ላቧ እየወረደ አሁን ድንጋዩ እስካለበት ድረስ መሬቱን አዳረሰችው፤ ከድንጋዩ ሥርም ምንም የለም።

አያ ገብረ ጻድቅ ዱላቸውን እንደተደገፉ «ወደ ላይ ሂጂ» አሏት።

«ወደ ላይ የኔ መሬት ነው።»

«እኮ። ወደ ላይ ሂጂ።»

ሄደች፤ ሰው እያየ መቆም አይቻልም። ጉድጓዱ ዘንድ ስትደርስ ማሽኑ ጮኸ። «ቆርቆሮው ነው» አለች።

«እንግዲያው ቆርቆሮውን አንሡላት።»

ሁለት ጎረምሶች ክዳኑን አንሥተው ሩቅ አኖሩት። በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ማሽኑ ዝም አለ፤ ልቧም ትንሽ መለስ አለ። ከጉድጓዱ ሁለት እርምጃ አልፋ ስትወጣ ግን እንደገና ጮኸ፤ በግራ ብታመጣው፣ በቀኝ ብታመጣው ያው ነው። ቆፈሩ። እስከ ጉልበት ሲደርስ ዝገት የበላው የተሰበረ ማረሻ ወጣ፤ ከሥሩም እፍኝ ከሰል። ድንጋዩ ካለበት ሌላ ስምንት እርምጃ፣ እርሷ የድሮው ድንበር ነው ከምትለው ቦታ ዐሥራ ስድስት እርምጃ፣ ሁሉም ወደ እርሷ ወገን።

አያ ገብረ ጻድቅ ሲቆጡ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ ነበር የሚናገሩት። ያን ቀን ግን ከሌላ ደብር የመጡት ሽማግሌዎች እንዲሰሙ በአማርኛ፣ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«አንቺ በአንቀልባ ሳለሽ እኔ ሰሊጥ አጨዳ ሑመራ ወረድሁ። ስመለስ አባትሽ ድንጋዩን መሬቴ ውስጥ ተክሎታል። እርሱ ጠመንጃ ነበረው፤ እኔ ይህችን ዱላ። ዝም አልሁ። ሲሞት ድንጋዩን አነሣሁ፤ እኩሌታውን ግን ለነፍሱ ብዬ ተውሁለት። ጉድጓዱን ስታስቆፍሪም እያየሁ፣ ውሃ ነው፣ ትጠጣ አልሁ። ሦስት ዓመት ሌባ አልሽኝ። ባለቤቴን ስቀብር አልመጣሽም። አባትሽን ይቅር ብዬው ነበር። አንቺን ግን አልልም።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ያን ቀን የተወጋው ማን እንደሆነ ታወቀ። ጥሩሐረግ ዘንጉን ተደግፋ ቆመች። አፈረች፤ ለራሷም፣ አፈር ለለበሰው አባቷም አፈረች።

ድንጋዩ ማረሻው በወጣበት ተተከለ። ጉድጓዱም ከድንጋዩ በታች፣ በሽማግሌው መሬት ቀረ። ሽማግሌዎቹ እየተነሡ «አያ ገብረ ጻድቅ፣ እባክዎ ድንጋዩ ሦስት እርምጃ ብቻ ይውረድ፣ ጉድጓዱ ይቅርላት» ብለው ለመኑ።

«ድንጋዩን የነካ የተገዘተ ይሁን አስብላለች» አሉ እርሳቸው። «እኔ ግዝት እፈራለሁ።»

ማሽኑ አሁን ከቤቷ ጥግ ቆሟል፤ ባትሪው ካለቀ ቆይቷል። ጥሩሐረግ በየጠዋቱ ጀሪካኗን ይዛ ድንጋዩ አጠገብ ትቆማለች፤ ከድንጋዩ ወዲያ ሳይፈቀድ አይታለፍም። ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ያዩዋታል፤ ያላዩ መስለው ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ።

«አያ ገብረ ጻድቅ፣ ውሃ ልቅዳ?» ትላለች።

«አልሰማሁሽም» ይላሉ።

ጮክ ብላ ትደግመዋለች፤ ቅዳሴ ሲያልቅ «ሌባ» ትል በነበረበት ድምፅ።

«ቅጂ፣ ልጄ» ይሏታል።

አንድም ቀን ከልክለዋት አያውቁም። ቢከለክሏት ኖሮ ቂም ትይዝባቸው ነበር።