ለሁመድ ያልነገርኩት ዳጉ

ባለፈው ሳምንት ሰመራ መናኸሪያ አውቶቡስ ስጠብቅ ሁለት አፋሮች ተገናኙ። እጅ ለእጅ ተያይዘው ቁጭ አሉና ከየት እንደመጡ፣ መንገድ ላይ ምን እንዳዩ፣ ምን እንደሰሙ ተራ በተራ ተነጋገሩ። ዳጉ ይሉታል። በዳጉ ባወቅኸው ላይ አትጨምርም፣ ያወቅኸውንም አትደብቅም። እኔ ግን አንድ ጊዜ ደብቄያለሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። ከደጋ የወረድኩ ጎረምሳ፣ አሳይታ አጠገብ በመንግሥት የጥጥ እርሻ የመስኖ ቦይ ጠባቂ ነበርኩ። ሙቀቱን ተዉት፤ የሚገድለው ብቸኝነቱ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ከሰው ጋር አንድ ቃል ሳልለዋወጥ የምውልበት ጊዜ ነበር።

ከድንኳኔ ፊት ለፊት፣ ገና ባልታረሰው ቁጥቋጦ ውስጥ፣ የጉድጓድ ሽኮኮዎች ይኖሩ ነበር። ትክክለኛ ስማቸውን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሠራተኛው እንዲያ ነበር የሚላቸው። ፀሐይ ስትበረታ ጅራታቸውን በራሳቸው ላይ እንደ ጃንጥላ ዘርግተው የግራር ፍሬ ይቆረጥማሉ። አንደኛዋን «እትዬ» እላት ነበር። ብትስቁም እውነቴን ነው፤ የማወራው ከእሷ ጋር ነበር።

ሌላው ወዳጄ እዚያ ፍየል የሚያሰማራው ሽማግሌው ሁመድ ነው። በየቀኑ እጄን ይዞ ዳጉ ይጠይቀኛል። እኔ ምን ወሬ አለኝ? እትዬ መውለዷን፣ ጉድጓድ መቀየሯን እነግረዋለሁ። አንድም ቀን ሳይስቅብኝ ያዳምጠኛል። ከቤት ከወጣሁ ወዲህ እንዲያ የሰማኝ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን አለቃዬ ጠርቶ፣ እርሻው እንዲሰፋ በማግስቱ ቁጥቋጦው ላይ ውሃ እንደሚለቀቅ ነገረኝ፤ ለአርብቶ አደሮቹ ትንፍሽ እንዳልልም አስጠነቀቀኝ። በዚያ ዘመን «ምስጢር አወጣ» መባል ከሥራ መባረር ብቻ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ሁመድ መጥቶ እጄን ያዘ።

«ምን ሰማህ?» አለኝ።

«አዲስ ነገር የለም» አልኩት።

ጠዋት ቦዩን የከፈትኩት እኔው ነኝ። ደፍራሹ ውሃ እየተንፎለፎለ ጉድጓዶቹ ውስጥ ገባ። እትዬ አንድ ልጇን በአፏ አንጠልጥላ ወጣች፣ ደረቅ መሬት ላይ አስቀመጠቻትና ለሌላዋ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

ሁመድ ሲደርስ ቦታው ጭቃ ሆኗል። አልተቆጣኝም።

«ትናንት ብትነግረኝ እኮ ዙሪያቸውን በአፈር እንገድብላቸው ነበር» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ከሩቅ ሰላም ይለኛል እንጂ እጄን አልያዘም። እዚያ በቆየሁበት ዓመት ሌላም አፋር ዳጉ አልጠየቀኝም፤ የእኔ ነገር ቀድሞኝ በየመንደሩ ደርሶ ነበር። እንደዚያ ዓመት ሰው ርቦኝ አያውቅም።

ሰመራ ላይ ከሁለቱ አንደኛው ሄደ። የቀረው ዞር ብሎ እጁን ዘረጋልኝና ምን እንዳየሁ ጠየቀኝ። ስለ መንገዱ ልነግረው ነበር፤ አፌ ግን እምቢ አለኝ።

«አሳይታ አጠገብ የሽኮኮ ጉድጓዶች ነበሩ» አልኩት። «ውሃ እንደሚለቀቅባቸው አውቄ ዝም አልኩ።»

አውቶቡሴ ጥሩንባውን ነፋ። ሰውየው እጄን አልለቀቀም።

«ከዚያስ?» አለኝ።