ባጃጅ ውስጥ የዘነበው ዝናብ

«መምህር፣ ዝናቡን ለምን ጨመርክበት?» አሉኝ ዛሬ ጋሽ አድማሱ፣ እዚህ ቦንጋ ሁልጊዜ የምሳፈርባት ባጃጅ ሾፌር።

ውጪ ፀሐይ ነው። ዝናብ ያሉት በፍላሽ የሰጠኋቸውን የራሴን ሙዚቃ ነው።

ለማታውቁ፣ ከክፍል ስወጣ በላፕቶፕ ቴክኖ እሠራለሁ፤ ዘፋኝ የሌለው፣ ከበሮው ደረት የሚመታ የጭፈራ ሙዚቃ። የመጨረሻው ሥራ ማስተሪንግ ይባላል፦ ድምፁ ሳይሻክር የቻለውን ያህል ጮክ እንዲል ማድረግ። ክረምቱን ሙሉ እሱ ላይ ተቀምጬ ከረምኩ።

የተከራየሁት ቤት ኮርኒስ የለውም። የቦንጋ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ቀጫጭኖቹን ድምፆች ይውጣቸዋል፤ እኔ ደግሞ ከፍ አደርጋቸዋለሁ። እሱ ሲጨምር እኔም እጨምራለሁ። (ከሰማይ ጋር እልህ የተጋባ መምህር አይታችሁ ታውቃላችሁ?)

ዛሬ በፀሐይ ስንሰማው ከበሮው ንጹሕ ነው፣ ወፍራሙ የባስ ድምፅም አይንጫጫም። ከላይ ግን ያ ከፍ ከፍ ያደረግኩት ቀጭን ድምፅ ከዳር እስከ ዳር ሽሽሽ እያለ ተጋድሞበታል። ጋሽ አድማሱ እውነታቸውን ነው።

አንድ ሰው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ቢሰማ ኖሮ፣ በመጀመሪያው ቀን ይነግረኝ ነበር።

እስከ መጨረሻው ሰሙልኝና «ዘፋኙስ?» አሉ።

«የለውም።»

«ብቻውን ነው?»

«ብቻውን ነው፣ ጋሼ።»

ከዚያ ፍላሹን ሊመልሱልኝ ነው ስል እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመሩት።

ይህን የምጽፈው ከኢንተርኔት ካፌ ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተ የሠራችሁትን ነገር መጀመሪያ ለማን ነው የምታሰሙት? እኔ ከዛሬ ጀምሮ ጋሽ አድማሱ አሉኝ።