ከጤነኞቹ ወንዶች ተራ

ራንዲ ባይፖላር ለሚሉት የአእምሮ ሕመሟ ሊቲየም የሚባል ክኒን መዋጥ ከጀመረች ሃያ ሦስት ዓመት ሆናት። በምትኖርበት ደሴት የሳልሞን ዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ ቢላዋ ይዛ ስትቆም ማንም ቀና ብሎ አያያትም፤ ሕመሟን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ ለምዶታልም። ሴት ናትና «ነርቯ ነው» ብለው ምረዋታል። የዓሣ እርሻው ጀልባ ነጂ የሆነው ታናሽ ወንድሟ ኦድቫር ግን እንቅልፍ የሚባል ሳያይ ሰንብቶ በአንድ ሳምንት ጀልባዋን ሦስት ጊዜ ቀለም ቢቀባ፣ በወሩ ደግሞ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ፊቱን ወደ ግድግዳ ቢያዞር፣ «ምስኪን፣ ሥራ ጎዳው» ይሉታል። በዚያ ደሴት ወንድ ይደክመዋል እንጂ አይታመምም።

በርገን ከተማ ያለ አንድ ሆስፒታል ራንዲን ለጥናት ሲጠራት ያደረሳት እሱ ነው። ሲሰል የምትባል ወጣት ሐኪም ተቀበለቻቸው።

«የአንጎል የላይኛው ልባስ በታመሙ ወንዶችና በታመሙ ሴቶች እኩል ይሳሳል ወይ? የምንለካው እሱን ነው» አለች። «ሴቶቹ ሞልተውልናል። የታመሙ ወንዶች ግን አሥራ አንድ ብቻ ናቸው፤ አይመጡማ። ለማወዳደሪያ ጤነኛ ወንድሞችም እንፈልጋለን። እርስዎን አሞዎት ያውቃል?»

«እኔን? ከጥርሴ በቀር!» ብሎ ሳቀ ኦድቫር።

ራንዲ እጁን ይዛ ወደ ኮሪደር ጎተተችው።

«አንተ፣ ንገራት እንጂ!»

«ምኑን?»

«ክረምቱን ሙሉ የተኛኸውን። ገመድ ይዘህ ያገኘሁህን።»

ሳቁ ጠፋ። «እቴ፣ ተይኝ። ይህ ወረቀት ላይ ከሰፈረ ጀልባ የምነዳበትን የባሕር ጤና ማረጋገጫዬን ይነጥቁኛል። ያለ ጀልባ እኔ ምን ነኝ? በእናታችን ይዤሻለሁ።»

ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። እሱም ጤነኛ ነኝ ብሎ ፈረመ። አንጎል ከሚያነሣው ማሽን ሲወጣ፣ «አንጎል አለህ አሉኝ፤ አንቺ ነበርሽ የምትጠራጠሪው» አላት። የሰጡትን የአንጎሉን ፎቶ ከጀልባዋ መሪ አጠገብ ለጥፎ፣ ለሠራተኞቹ «ጤነኛ ወንድ ማየት ካማራችሁ ይኸው» ይል ነበር።

በየካቲት ጀልባዋ ሰው ሳይኖርባት ተገኘች። የኦድቫር ቦቲ ጫማ ተወልውሎ፣ ጎን ለጎን ተቀምጧል። አስከሬኑ ከባሕር ሲወጣ ፖሊሱ አደጋ ነው ብሎ ጻፈ። በቀብሩም ላይ ሰው ሁሉ «ያን የመሰለ ጠንካራ!» ሲል ዋለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። የደበቀችለትስ? ስለ እሷ የተተረተ የለም።

ከቀብሩ በሦስተኛው ሳምንት ለሲሰል ደውላ ሁሉንም ነገረቻት።

«ወንድሜን ከታመሙት ወንዶች ተራ አስገቡልኝ።»

«ሐኪም አይቶት ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያው አልችልም፣ ራንዲ። ጤነኛ ነኝ ብሎ ነው የፈረመው።»

«እኔ እመሰክራለሁ። አብሬው ነው ያደግሁት።»

«ያን ዕለትም አብረውት ነበሩ። ያኔ ቢነግሩኝ ኖሮ...» አለች ሲሰልና ሳትጨርሰው ተወችው። «አሁን ማድረግ የምችለው ፎቶውን ጭራሽ ማውጣት ነው። ከታመሙትም ከጤነኞቹም አይቆጠርም።»

«ያውጡት» አለች ራንዲ። «ደህና ሰው ይህን ይመስላል ተብሎ ሌላው የእናት ልጅ በሱ አይለካ።»

ከዚያ ወደ ወደቡ ወረደች። ጀልባዋ ላይ አዲስ ነጂ ተቀጥሮ ነበር፤ ፎቶውን ልጦ ሰጣትና ቆቡን አወለቀ። እሷ ግን የምታስበው ሌላ ነበር። ያን ዕለት ብትናገር ኖሮ የጤና ማረጋገጫውን ይነጥቁት ነበር። በሕይወት ኖሮ፣ እዚህ ወደቡ ዳር ያለው ድንጋይ ላይ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ፣ ስታልፍ ፊቱን ያዞርባት፣ «ያፈረስሽኝ አንቺ ነሽ» ብሎ ሰው ፊት ያዋርዳት ነበር። ድንጋዩን አየችው። ማንም አልተቀመጠበትም።