መጫኛ በጎማ ላይ

ቁይ ከተማ ውስጥ ጎሚስታ የሆነች ሴት ብዙዬ ብቻ ናት። አባቷ አቶ ፈንታው ግን ይህን ሥራ ሥራ ብለው ቆጥረውት አያውቁም። ዕድሜያቸውን በሙሉ የሰው እህል በአህያ ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቅዳሜ ገበያ በመጡ ቁጥር ደጃፏ ላይ ቆመው፣ «አንቺ ልጅ፣ ይህን ጥቁር ሥራ ትተሽ መቼ ነው ወደ ቤትሽ የምትገቢው?» ይሏታል። እሷም ትስቃለች። ምን ታድርግ፣ አባት ናቸው!

አንድ ቅዳሜ ይህንኑ ጠይቀው ሳይጨርሱ ሚኒባስ እያነከሰ መጥቶ ቆመ። ሾፌሩ የሺዋስ ዘሎ ወረደ።

«እህቴ፣ ድረሽልኝ! የጫንኳቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ናቸው። የሚፈተኑበት የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አሥር ሰዓት ላይ በሩን ይዘጋል!»

ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ደብረ ማርቆስ ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ትርፍ ጎማውም ቀድሞ ተንፍሷል።

የኋላ ጎማው ጎኑ ተተርትሯል፤ ከቸርኬው ወጥቶ ሌላ መግባት አለበት። ብዙዬ ጎማውን አስተኝታ ጠርዙ ላይ ወጥታ ስትረግጠው ከብረቱ ተላቀቀ። ሁለት ረጃጅም ማውጫ ብረቶቿን ሰክታ ፈነቀለችው። ከራሷ ጎማዎች አንዱን በሳሙና ውኃ አርሳ አስገባችው። ይህ ሁሉ ሃያ ደቂቃ አልፈጀባትም፤ እንዲህ ናት ብዙዬ!

ጣጣው ነፋሱ ላይ ነው። ቱብለስ ጎማ የውስጥ ጎማ የለውም፤ ጠርዙ ከቸርኬው ጋር ካልገጠመ የሞሉት ነፋስ ተመልሶ ይወጣል። የሚያስገጥመው የኮምፕረሰር ጉልበት ነው፤ መብራት ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ የለም። የእግር ፓምፑን ብትረግጥ ብትረግጥ ነፋሱ በጎን እሽሽ እያለ ያመልጣል። አንዲት ተማሪ ማልቀስ ጀመረች። ብዙዬ ቀና አለች።

ያን ጊዜ ዐይኗ አባቷ ትከሻ ላይ ከተጠመጠመው የአህያ መጫኛ ላይ አረፈ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ።

«አባዬ፣ ጎማውን እንደ ጭነት ወገቡን ይጠፍሩልኝ! መሐሉ ሲጠብቅ ጎኑ ይገፋል!»

አቶ ፈንታው መጫኛውን በጎማው ዙሪያ አዙረው፣ ዱላቸውን ሰክተው ይጠመዝዙት ጀመር። ጠርዞቹ ወደ ቸርኬው ተጠጉ። ብዙዬ ፓምፑን ረገጠች። እሽሽ የሚለው ድምፅ እየቀጠነ ሄደ፤ ጠፋ! ነፋሱ ያዘ! ተማሪዎቹ በእልልታ አቀለጡት።

«በቃ አባዬ፣ አሁን ይፍቱት!»

«ምን? ጭነት መንገድ ላይ ይፈታል?» ብለው ይባስ ጠመዘዙት። አርባ ዓመት ሙሉ ያጠበቁትን ሳይደርሱ ፈትተው አያውቁም። ጎማው ግን እያበጠ፣ ገመዱም እየተወጠረ ነው፤ ዱላው ካመለጣቸው ጥርሳቸውን ያረግፈዋል።

«ይፍቱ አልኩ እኮ!» ብላ ጮኸች። አባቷ ላይ ስትጮህ የመጀመሪያዋ ነው። ሽማግሌው ደንግጠው አዩዋት። ከዚያም ፈቱት።

ጧ! ጧ! ጠርዞቹ ቦታቸውን ያዙ።

ሚኒባሱ በጭብጨባ ተሸኘ። አቶ ፈንታው ግን ወደ አገራቸው አልተመለሱም፤ አህያቸውን አስረው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሾፌሩ በልጃቸው ስልክ እስኪደውል ይጠብቁ ጀመር። ለአሥር ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ጠራ።

«ገብተዋል! ሁሉም ገብተዋል!» አለ የሺዋስ።

ብዙዬ በደስታ ዘለለች። አባቷ ተነሥተው ልብሳቸውን አራገፉ፤ እሷም የተለመደውን የቅዳሜ ጥያቄ ጠበቀች።

«ሌላ የተነፈሰ ጎማ የለም?» አሉ።