አብራሪዋ ምን አለች?

አሮጌ ኮምፒውተር ተከፍቶ ሲሞቅ የሚያወጣውን ሽታ ታውቁታላችሁ? የአቧራና የጋለ ፕላስቲክ ሽታ። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ ማሽን አለ። ሁሉም በአዲስ ይቀየር እያለ ይጨቀጭቃል፣ እኔ ብቻ ዝም እላለሁ። ጠዋት አብርቼው ማራገቢያው ሲያጉረመርም ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ እመለሳለሁ፤ ደሴ ፒያሳ፣ የታላቅ ወንድሜ ጌም ቤት ውስጥ ነኝ፣ ቀኑም ቅዳሜ ነው። ባልደረቦቼ ብቻዬን ምን እንደሚያስፈግገኝ ቢያውቁ መሳቂያቸው እሆን ነበር።

ጌም ቤቱ ጠባብ ነበር። ስድስት ማሽን ነበረን፤ አምስቱ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ኳስ ይጫወቱበታል። ስድስተኛው ድምፁ ተበላሽቷል። ወንድሜ "ጭብጨባ የሌለው ኳስ ማን ይጫወታል?" ብሎ ጥግ ላይ አስቀመጠውና አንድ የጠፈር ጌም ጫነበት። ተጫዋቹ የመርከብ ካፒቴን ነው፤ ከኮከብ ኮከብ ይዞራል፣ ይዋጋል። መርከቧ ላይ አብረውት የሚጓዙ ሰዎች አሉ፤ ከየዘመቻው በኋላ ክፍላቸው ድረስ እየሄደ ያዋራቸዋል። የሚናገሩት ሁሉ በእንግሊዝኛ ከታች ይጻፋል፣ ካፒቴኑም ከአራት መልሶች አንዱን ይመርጣል። መልሱን ካወቀበት ይወዱታል። መውደድ ስላችሁ እንዲያው ወዳጅነት እንዳይመስላችሁ፤ ፍቅር ነው፣ እንቅልፍ የሚነሳው ዓይነት!

ያን ሁሉ እንግሊዝኛ የሚያነብ ግን ከደንበኞቻችን መሀል አልተገኘም። እኔ ደግሞ በእንግሊዝኛ ከክፍሌ የሚስተካከለኝ አልነበረም፤ ይህን ስናገር አፍሬ አላውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንድሜ ሲወጣ ቤቱን የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ እናም ድምፅ ለሌለው ማሽን ድምፅ ሆንኩለት።

ጌሙን የሚጫወተው ልጅ፣ ካፒቴናችን፣ ከኮምቦልቻ ይመጣ ነበር። ፒያሳ የአጎቱ ሱቅ ነበረ፤ ሊያግዘው በመጀመሪያው ሚኒባስ ይወጣና ሱቁ እስኪከፈት እኛ ጋ ይቀመጣል። ኮምቦልቻ ሞቃት ነው፤ ደሴ ግን በዚያ ሰዓት የጦሳ ተራራ ጉሙን ጠቅልሎ ከተማው ላይ ይተኛል። ልጁ ታዲያ የቆላ ሸሚዙን ብቻ ለብሶ እየተንቀጠቀጠ ይገባ ነበር፤ መንገድ ላይ የላጠው ብርቱካን እጁ ላይ ይሸታል። እኔ በቀኙ ተቀምጬ አነባለሁ፣ እሱ ማውሱን ይይዛል፤ ከኋላችን አምስት ስድስት ሰው ቆሞ ይመክራል።

የመርከቧ አብራሪ ሴት ነበረች። ፀጉሯ አጭር፣ አገጯ ላይ ጠባሳ ያላት፣ አገሯ የጠፋባት ሴት። ጌም ቤቱ እንዳለ ወደዳት። "ካፒቴን፣ ይህችን ሳታገባ ጦርነቱን እንዳትጨርስ!" ተባለ። እንዴት ይጀመር? እዚህ ላይ ወሎዬነታችን ተነሳ። ሰው ዘሎ ለልጅቷ ልቡን አይነግርም፤ በመሀል ሽማግሌ ይገባል። መርከቧ ላይ ሽበታም ሐኪም ነበረ፤ አብራሪዋ አባት የላትምና ወኪሏ እሱ ነው ብለን ተማከርን። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ሐኪሙን በየዘመቻው አስከትለን ዞርን፤ የካፒቴኑን ጨዋነት አይቶ ይመሰክራል ብለን! ከኋላ አንዱ "እርስዎ እያልሽ መልሺለት እንጂ፣ ትልቅ ሰው አይደል?" ብሎ እኔን ተቆጣኝ። እንግሊዝኛው "እርስዎ" እንደሌለው ባስረዳ ማን ይስማኝ።

በሦስተኛው ቅዳሜ አብራሪዋ ክፍል ስንገባ ፊቷን አዞረችብን። የተጻፈውን አነበብኩና ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

"ምን አለች?" አለኝ ካፒቴኑ።

"ሁልጊዜ ከሐኪሙ ጋር ነህ፤ እኔን የምታዋራኝ መቼ ነው? አለች።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ኳስ ተጫዋቾቹ እንኳ ማሽናቸውን ትተው መጡ። እሱ ግን እስከ ጆሮው ቀላ፤ "ወላሂ እውነቷን ነው" አለ ቀስ ብሎ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ለኔ እንደ ዒድ ሆነ። ሐሙስ ላይ ልብሴን አዘጋጃለሁ፣ ዓርብ መዝገበ ቃላት አገላብጣለሁ። ቀስ በቀስም ትርጉሜ ላይ ከራሴ መጨመር ጀመርኩ። አንድ ቀን አብራሪዋ ስለ አንድ በረዷማ ዓለም "እዚያ ይበርዳል" ብቻ አለች፤ ሁለት ቃል ብትሆን ነው። እኔ "እዚያ ይበርዳል፤ አንተ ደግሞ ከቆላ በስስ ሸሚዝ ትመጣለህ፤ ታመህ ብትቀር ማንን ላዋራ ነው? አለች" አልኩት።

ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ። "ይህን ሁሉ አለች?"

"ቋንቋው አጭር ነው እንጂ ሐሳቡ ሰፊ ነው" አልኩ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሹራብ ለብሶ መጣ። ሞኟ እኔ፣ ብርዱ ነው ያስለበሰው ብዬ አሰብኩ።

እሱም በቁጥር መምረጡን ተወ። "እንዲህ በያት" ይለኛል። "ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ጆሮዬ ይደፈናል፣ ደሴን ሳይ ይከፈታል በያት።" ይህንን ከአራቱ መልሶች የትኛው ይሸከመዋል? የሚቀርበውን ፈልጌ እጫንለታለሁ፤ አብራሪዋ ፈገግ ትላለች፣ እሱም ፈገግ ይላል። እኔ መሀል ላይ እቃጠላለሁ። አዎ፣ ቀናሁ! በመስታወት ውስጥ ባለች፣ ደም በሌላት ሴት ቀናሁ። አንድ ቀን "እንዲህ ያለች ልጅ ባገኝ ዛሬውኑ ነበር ሽማግሌ የምልከው" ሲል ሰምቼ ቤት ገብቼ ምሳ አልበላሁም።

አንድ ቅዳሜ ሲገባ አልተንቀጠቀጠም፣ አልሳቀምም። ጅዳ ያለ ዘመዱ ጉዳዩን ጨርሶለታል፤ በሳምንቱ ሊሄድ ነው። "ዛሬ መጨረሻዋን እንየው" አለ።

የመጨረሻው ጦርነት ዋዜማ ላይ ደረስን። አብራሪዋ በገዛ እግሯ ወደ ካፒቴኑ ክፍል መጣች። የማራገቢያው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ጽሑፉን አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ያን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ በቃሌ እወጣዋለሁ።

እሱ ግን ስክሪኑን አያይም ነበር። ወንበሩን አዙሮ እኔን ነበር የሚያየው። "ምን አለች?"

ያቺን ሰዓት ስንት ጊዜ መልሼ አይቻታለሁ! የሚሄድ ሰው ነው፤ ሄዶም ልቡ ውስጥ የምትኖረው እሷ ልትሆን ነው ብዬ አሰብኩ፤ እኔማ አንባቢ ብቻ። ምላሴ ከኔ ቀደመ።

"እንደ ወንድሜ ነው የማይህ አለች።"

ከኋላ ያሉት "ውይ!" አሉ በአንድ አፍ። እሱ ወደኔ ጠጋ አለ። "እሷ ናት ያለችው?"

"እሷ ናት።"

"እሺ። እህቴ ነሽ በያት እንግዲህ።"

ሦስተኛውን መልስ ተጫንኩ። አብራሪዋ አንገቷን ደፍታ ወጣች። እሱ የተዘጋውን በር እያየ "ራሷ ካለችው ምን አንገት አስደፋት?" ብሎ ጠየቀ። ጦርነቱን ሳይጨርስ ተነሳ። በሩ ላይ ዞር ብሎ "አብሽሪ" አለኝ፣ አይዞሽ ማለቱ ነው። ማን ማንን ማጽናናት ነበረበት?

በሳምንቱ ቅዳሜ ማንም ሳይገባ ማሽኑን ከፈትኩ። ጌሙ ከዚያ ትዕይንት በፊት ሴቭ ተደርጎ፣ ካለበት ተቀምጦ ነበር፤ ከዚያው ቀጠልኩ። አብራሪዋ እንደገና መጣች፣ ያንኑ ተናገረች፤ እኔም ትክክለኛውን መልስ ተጫንኩላት። ደስ አላት። እኔ ግን የምተረጉምለት ሰው አጠገቤ አልነበረምና ኪቦርዱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ዓመታት አለፉ። ጌም ቤቱ የልብስ ሱቅ ሆነ፤ እኔም አገባሁ፣ ወለድኩ፤ ኑሮዬን አላማርርም። ባለፈው ዒድ ማግስት ፒያሳ ላይ አንድ ሰው በስሜ ጠራኝ። ሆዱ ትንሽ ወጣ ብሏል፤ አንዲት ትንሽ ልጅ እጁን ይዛ ትጎትተዋለች። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ወላጆቼን ጠየቀ፣ ወላጆቹን ጠየቅኩ። ባለቤቱ ከመንገዱ ማዶ ጫማ እያየች እንደሆነ ነገረኝ። ከዚያ ሳቅ ብሎ፣ "ያቺ አብራሪ" አለ፣ "እውነት እንደ ወንድሜ ነው የማይህ አለች?"

"አላለችም። እኔ ነኝ ያልኩት። አፉ በለኝ፣ በአላህ፣ ይቅር በለኝ።"

ልጅቷን ወደ ራሱ ሳብ አደረጋት። "እኔኮ ያን ቀን ምን አለች ስልሽ፣ አንቺን መጠየቄ ነበር" አለ። ያኔ አገሬው ሽማግሌ እንደሚልክ እሱም አብራሪዋን ልኳት ኖሯል፤ እኔው በእምቢታ መልሼበታለሁ።

"ታዲያ ምን ነበር ያለችው?"

ባጃጁ ይጮሃል፣ ሰው ይጋፋናል። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ ነገርኩት።

"ከዚህ ጦርነት ከተመለስን ለሌላ ሰው መርከብ አላበርም። የትም ብትሄድ አጠገብህ ልሁን። ትፈልጋለህ ወይ? አለች።"

ባለቤቱ ከማዶ እጇን አወዛወዘች። ልጅቷን አንሥቶ ታቀፋት። ሊሻገር ሲል ቆመና፣ ፊቱን ወደኔ ሳያዞር፣

"እሺ በያት" አለኝ።